ጎረቤት 12 ሜትር ሲቆፍር፦ የግድግዳዎ ስንጥቅ በሕግ ፊት የማን ዕዳ ነው?

ከካዛንቺስ እስከ ለገሃር፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ በእግሩ የሚሄድ ሰው በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ ሳያይ አያልፍም። አጥሩ ላይ ወደፊት የሚቆመው ሕንፃ በመስታወት አሸብርቆ ተሥሎ ይታያል። ከአጥሩ ጀርባ ግን ለጊዜው ያለው ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ሦስትና አራት ምድር ቤት ያለው ሕንፃ ለመሥራት 10 ሜትር፣ 12 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ አፋፍ ጥቂት እርምጃ ርቆ ደግሞ የጭቃ ቤት ወይም የቆየ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ቆሟል፤ ሰውም ይኖርበታል።

እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ግድግዳቸው ሲሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ ሲናገሩ የሚሰማው ይኸው ነው፦ «ፈቃድ ስላለው ምንም አናመጣም።» «መሬቱ የመንግሥት ነው፤ እኛ ምን መብት አለን?» «ጥፋተኛ መሆኑን በምን እናስረዳለን?» ሦስቱም ሥጋቶች ለመረዳት አይከብዱም፤ ሦስቱም ግን ሕጉ ከሚለው ጋር አይገጥሙም።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ቦታው ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ሰው ጉዳይ የሚታየው በካሳና በምትክ ቦታ ሕግ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከቦታው ሳይነሳ፣ ባለበት እየኖረ የጎረቤት ቁፋሮ የሚጎዳውን ሰው ነው።

ቁፋሮው በእሱ ግቢ ሆኖ የእኔ ቤት ለምን ይሰነጠቃል?

አፈር ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከጎኑ ያለው አፈር ስለሚደግፈው ነው። መርካቶ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የተደረደረ የጤፍ ጆንያ ያስቡ። ከታች አንዱን ጎትተው ቢያወጡ የሚንሸራተተው በቦታው የቀረው ነው። ጉድጓዱ ሲወርድ የጎረቤት አፈር ድጋፉን ያጣና ወደ ክፍቱ ያዘነብላል፤ በላዩ ያለው መሠረትም አብሮት ይሄዳል። ይህን ለመከላከል መሐንዲሶች ከመቆፈራቸው በፊት ዙሪያውን የኮንክሪት ምሰሶ ወይም ፓይል ይተክላሉ፤ ወይም ቁፋሮውን በየደረጃው እየደገፉ ይወርዳሉ። ድጋፍ ግን ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፤ ሊቆጠብ የሚሞከረውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ውኃ ነው። ዝቅ ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ፓምፕ ተተክሎ ቀን ከሌት ይቀዳል። ውኃው ከጉድጓዱ ብቻ አይወጣም፤ ከጎረቤት አፈር ውስጥም ይሳባል። ውኃው የወጣለት አፈር ይጠቀጠቃል፣ ቤቱም ከሱ ጋር ይወርዳል። የአንዱ ጥግ ከሌላው በበለጠ ሲወርድ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያ የሚሄድ ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል፤ ትናንት ይገጥም የነበረው በርም ዛሬ መግጠም እምቢ ይላል።

ሦስተኛው ንዝረት ነው። አለት ሲገኝ በኤክስካቫተር ጫፍ ላይ የሚገጠመው መሰርሰሪያ ቀኑን ሙሉ ይደበድባል። በጭቃና በእንጨት የቆመ ግድግዳ ልስኑ መርገፍ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጉዳቱ አጥር የሚጋራን ጎረቤት ብቻ የሚነካ አይደለም። እንደ አፈሩ ዓይነትና እንደ ድጋፉ ጥንካሬ ቢለያይም፣ የመሬቱ መስመጥ የቁፋሮውን ጥልቀት ሁለት እጥፍ ያህል ርቆ ሊሰማ ይችላል። ጉድጓዱ 12 ሜትር ከሆነ ሦስተኛው ግቢም ውስጥ ያለው ሰው ጉዳዩ ይመለከተዋል ማለት ነው።

መሬቱ የመንግሥት ከሆነ እኔ በምን መብቴ ነው የምጠይቀው?

የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ይኸው አንቀጽ ግን እዚያው ዝቅ ብሎ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ማሻሻያ ሙሉ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። የተሰነጠቀው ግድግዳ የእርስዎ ነው። ቦታውም በካርታ ወይም በሊዝ የያዙት ይዞታዎ ነው። ለመጠየቅ ይህ በቂ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ መሬት የግል ሀብት ስለነበረ አንቀጾቹ «ባለሀብት» እያሉ ይናገራሉ። ስለ ጉርብትና የሚያወሩት ክፍሎች ግን ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፤ ቦታውን በያዘውና በቤቱ ባለቤት ዐይን ይነበባሉ።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ለግድግዳው ካሳ መጠየቅ ይከብደዋል፤ ግድግዳው የአከራዩ የመንግሥት አካል ነውና። ይሁን እንጂ የተበላሸበት የቤት ዕቃ፣ የደረሰበት የአካል ጉዳት፣ የተናወጠበት ኑሮ የራሱ ነው፤ በእነዚህ መጠየቅ ይችላል። ጉዳቱን ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅም ይገባዋል።

ሕጉ በትክክል ምን ይላል?

ሦስት አንቀጾችን ማወቅ ይጠቅማል።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1211 ለዚሁ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። በግቢው ውስጥ የሚቆፍር ወይም ከመሬት በታች ሥራ የሚሠራ ሰው የጎረቤቶቹን መሬት በማናወጥ፣ ወይም በመሬታቸው ላይ ያለውን ሥራ አደጋ ላይ በመጣል ሊጎዳቸው አይችልም ይላል። ከስድሳ ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ ባለ አራት ምድር ቤት ሕንፃ ሳታውቅ በፊት የተጻፈ ነው።

ቁጥር 1225 ሰፋ ይላል። ማንም ሰው በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት የለበትም። ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም። ልኩ የሚለካው በአካባቢው ልማድና በቦታው ሁኔታ ነው። መሐል ከተማ የሚኖር ሰው ግንባታ በመኖሩ ብቻ ማማረር አይችልም፤ ቀን ቀን የሚሰማን ጩኸት በተወሰነ ደረጃ መቻል ይኖርበታል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አለት መደብደብና ሲኖትራክ በተርታ ማስጮህ ግን በዚህ ከተማ ልማድም «መልካም ጉርብትና» ተብሎ አያውቅም።

ከሁሉ ጉልበት ያለው ቁጥር 2069 ነው። ይህ አንቀጽ ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በመጠቀም፣ የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ፣ ወይም ከተለመደው የበለጠ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ያ አደጋ ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት መፈጸሙ አይጠየቅም። የሕግ ሰዎች ይህን ያለ ጥፋት ኃላፊነት ይሉታል። «ተጠንቅቄ ነበር» ማለት ከኃላፊነት አያወጣም፤ «ባልታወቀ ምክንያት የደረሰ ነው» ማለትም እንደዚሁ። በቁጥር 2086 መሠረት ኃላፊነቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው በዋናነት ተጎጂው ራሱ ጥፋት ሲኖርበት ነው።

ስለዚህ «ጥፋተኛ መሆኑን በምን እናስረዳለን?» የሚለው ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። ማስረዳት የሚጠበቅብዎት ጉዳቱ መድረሱንና ያደረሰው ይህ ቁፋሮ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ቀላል አይደለም፤ ትግሉም ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

«እትዬ፣ ፈቃድ አለን» ቢሉኝስ?

በአጥሩ በር ላይ የሚቆመው ፎርማን አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ምናልባትም እውነቱን ነው። የከተማዋ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን የፈቀደው ግን በዚያ ቦታ ላይ በዚያ ንድፍ እንዲገነባ ነው። የጎረቤትን ግድግዳ የማፍረስ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። የሕንፃ ሕጉም ግንባታ ሰውን፣ ሌላ ግንባታንና ንብረትን ለአደጋ ሳያጋልጥ መካሄድ እንዳለበት፣ ቁፋሮው የጎረቤት ሕንፃን የሚያሰጋ ሲሆንም አስቀድሞ የመከላከያ እርምጃ መወሰድ እንዳለበት ደንግጓል። ስለዚህ ፈቃዱን ማየት ለእርስዎም ይጠቅማል። የጸደቀው ንድፍ የአፈር መደገፊያ ካለው፣ በቦታው ግን ከሌለ፣ ፈቃዱ የተጎጂው ማስረጃ ይሆናል።

አቤቱታ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ በቃል የተነገረ ነገር ከመዝገብ አይገኝም። ደብዳቤው በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ገቢ ሲደረግ በቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሥራ እንዲቆም ቢያዝ፣ ወይም መጥቶ ምንም ባይል እንኳ፣ ያ ወረቀት በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ይናገራል። ግድግዳ እየተንሸራተተ ከሆነ ግን ደብዳቤ ለመጻፍ አይቀመጡ። ከቤት ይውጡ፤ ወደ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይደውሉ።

ማስረጃው ምን መምሰል አለበት?

የተከሳሽ ጠበቃ የመጀመሪያ መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ቤቱ ድሮም ያረጀ ነው፤ ስንጥቁ ከቁፋሮው በፊት ነበረ።» ይህን መልስ የሚያዳክመው ማስረጃ የሚሰበሰበው ደግሞ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት፣ ቆርቆሮው ታጥሮ ማሽኑ ገና ሳይገባ ባለው ጊዜ ነው።

ከውስጥም ከውጪም እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለልና የአጥር ግንብ ቀን በሚመዘግብ ስልክ ፎቶ ያንሱ። የቆየ ስንጥቅ ካለ አይደብቁት፤ ማስመሪያ አስጠግተው ወርዱን እያሳዩ ያንሱት። ነባሩን ስንጥቅ ራሱ የመዘገበ ሰው ስለ አዲሱ ሲናገር ይታመናል። ደግ ተቋራጭ ይህን ከጎረቤቶች ጋር ሆኖ በጋራ ያደርገዋል፤ እሱንም ከሐሰተኛ ጥያቄ ያድነዋልና። እንዲያደርግ በደብዳቤ ይጠይቁት። እምቢ ቢል እምቢታው ራሱ መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ በጄሶ የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ። በስንጥቁ ላይ አግድም የጣት ወርድ ያላት የጄሶ ማሰሪያ ይለጠፋል፤ ከጎኗ በእርሳስ ቀኑ ይጻፋል። ጄሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ማሰሪያዋ ቀጥ ብላ ትሰነጠቃለች፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለች ትቀመጣለች። ሳምንት በሳምንት ፎቶ ሲነሣ የስንጥቁን ጉዞ ከቁፋሮው ጉዞ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ላይ እንደደረሰ፣ ፓምፑ መቼ እንደተተከለ፣ አለት መደብደብ መቼ እንደተጀመረ በአንድ ደብተር መያዝም ያስፈልጋል። ምክንያትና ውጤትን የሚያስተሳስረው ይህ ደብተር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ጥቁር የኮትቻ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለ ቤት ጎረቤት ባይቆፍርም ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በበጋ ይከፈትና በክረምት መልሶ ይጠባል። በቁፋሮ የመጣው ግን ወቅት ሳይጠብቅ መስፋቱን ይቀጥላል። የተከሳሹ መሐንዲስ ይህን ልዩነት ስለሚያነሳ የእርስዎም መሐንዲስ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል። ፍርድ ቤቱም ገለልተኛ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ አጣርቶ እንዲያቀርብ ማዘዝ ይችላል። ብዙ ክሶች የሚወሰኑት በዚህ ሪፖርት ነውና ባለሙያው ሲመጣ ደብተሩንና ፎቶዎቹን አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው።

ቤቱ ሳይፈርስ ቁፋሮውን ማስቆም ይቻላል?

ይቻላል፤ ሁለት በሮች አሉ።

አንደኛው በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲቆምና ኪሳራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። ክሱ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጥቅሙ ፍርድ ቤቱ የባለቤትነትን ረጅም ክርክር ውስጥ አለመግባቱ ነው። ተከሳሹ ድርጊቱን የሚደግፍ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ በቀር ሁከቱ እንዲወገድ ይታዘዛል።

ሁለተኛው የእግድ ትእዛዝ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ክርክር የተነሣበት ንብረት የመጥፋት ወይም የመበላሸት አደጋ ሲኖርበት ፍርድ ቤቱ ነገሩ እስኪወሰን ድርጊቱን ማገድ ይችላል። ዳኞች እግድ በቀላሉ አይሰጡም። ጉዳቱ በኋላ በገንዘብ ሊካስ የማይችል መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ሰው ያለበት ቤት ሊናድ መሆኑን ከሚገልጽ የመሐንዲስ ሪፖርት የበለጠ ለዚህ የሚረዳ የለም። በእኔ እይታ ደግሞ ግማሽ ላይ የደረሰን ጉድጓድ እንዲሁ ማስቆም አንዳንዴ ከመቀጠሉ የከፋ ነው። ያልተደገፈ ጉድጓድ ክረምቱን ክፍት ሆኖ ሲያልፍ ጎረቤቱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «ቁፋሮው ይቁም» ብቻ ብሎ ከመጠየቅ «ቁፋሮው ቆሞ የመደገፊያ ሥራው ይሠራ» ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ማንን ልክሰስ? እስከ መቼስ?

ባለሕንፃው «ሥራውን ለተቋራጭ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ተቋራጩ «ንድፉ የአማካሪው ነው» ይላል። ሕጉ ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ ለሚፈጽመው ጥፋት አሠሪውን ተጠያቂ የማያደርግበት ቦታ ስላለው የባለሕንፃው መልስ ባዶ አይደለም። በዚህ ምክንያት አንዱን ብቻ መርጦ መክሰስ አደጋ አለው። ሁሉንም በአንድ ክስ ማቅረብ ይሻላል። ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ብዙ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ስለሚጠየቁ ተጎጂው ሙሉ ካሳውን ከአንዱም መቀበል ይችላል፤ እርስ በርሳቸው መተሳሰቡ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ተቋራጩ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የመድን ሽፋን ይኑረው አይኑረው መጠየቅም አይከፋም።

ጊዜው አጭር ነው። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሕንፃው እስኪያልቅ ልጠብቅ የሚል ሰው ሊያልቅበት የሚችለው ጊዜው ነው። ስንጥቅ ቀስ እያለ የሚያድግ ነገር ስለሆነ መቼ «ደረሰ» እንደሚባል ያከራክራል። አስተማማኙ ግን የመጀመሪያው ስንጥቅ ከታየበት ቀን መቁጠር ነው። የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ነው፤ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

የድንጋይ ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) ወይም ማዕድን አጠገብ ላሉ ሰዎችስ ሕጉ ይለያል?

የመሐል ከተማው ሰው ዘመድ ከከተማ ወጣ ብሎ በድንጋይ ካባ አጠገብ ይኖር ይሆናል፤ የእነዚህ ሕንፃዎች ጠጠርም የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። መሠረቱ አንድ ነው። ቁጥር 1225ም ሆነ ቁጥር 2069 እዚያም ይሠራሉ። እንዲያውም ፈንጂ የሚፈነዳበት ካባ ያለ ጥፋት ኃላፊነት በግልጽ ከሚነካቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ልዩነቱ ከመሬት በታች ያለው ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ፈቃድ የሚሰጠው በዚህ መርህ ነው። ስለዚህ የአጎራባች ባለይዞታ «ድንጋዩ የእኔ ነው» ብሎ መከራከር አይችልም፤ «ፍንዳታው ጣሪያዬን በሳው፣ አቧራው ማሳዬን አለበሰው» ብሎ ግን ይችላል።

አቧራ፣ የፍሳሽ ውኃና ጩኸት ሲሆን ሌላም መንገድ አለ። የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው በግሉ ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ቅር ካሰኘው፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ መንገድ ለመሐል ከተማ ነዋሪም ክፍት ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ብዙ አይሰማም።

ካሳው ምን ያካትታል? ስምምነትስ?

መርሁ በቁጥር 2091 ተቀምጧል፤ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። በግቢያቸው አራት ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ አንዲት እናት እንበል። ግድግዳው ተሰንጥቆ ተከራዮቹ ቢወጡ ጥያቄያቸው በማስጠገኛ ገንዘብ ብቻ አያበቃም። የታጣው ኪራይ፣ ቤቱ እስኪጠገን ሌላ ቦታ የተከፈለ ኪራይ፣ የመሐንዲሱ ሪፖርት ወጪ አብረው ይቆጠራሉ። በእርግጠኝነት ሊደርስ ያለ ጉዳትም እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊካስ ይችላል። በአንጻሩ እሳቸው በቀላሉ ሊቀንሱት ይችሉ የነበረውን ጉዳት፣ ለምሳሌ በተከፈተ ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲገባ ዝም ብለው ቢያዩ፣ ለዚያኛው ክፍል ካሳ ላያገኙ ይችላሉ። «ቤቱ ያረጀ ነበር» የሚለው መከራከሪያም ቦታው እዚህ ነው፤ የገንዘቡን መጠን ሊቀንስ ይችላል፣ ኃላፊነቱን ግን አያጠፋም።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል፤ ክፋትም የለውም። ተቋራጩ ልስን አስለስኖ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ጥቂት ሺህ ብር ጨምሮ ወረቀት ያስፈርማል። ወረቀቱ ላይ «ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ይኖራል። ብዕሩን ከማንሳት በፊት ቆም ማለት የሚያስፈልገው እዚህ መስመር ላይ ነው። የእርቅ ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ቁፋሮው ገና 6 ሜትር ላይ ሆኖ ቢፈርሙ፣ 12 ሜትር ሲደርስ የሚመጣውንም ስንጥቅ አብረው ይቅር ብለዋል ሊባሉ ይችላሉ። መስመሩ «እስከዚህ ቀን ለደረሰው ጉዳት ብቻ» ተብሎ እንዲታረም ይጠይቁ፤ የተካሱት ስንጥቆች ፎቶም ከስምምነቱ ጋር ተያይዞ በሁለቱም ወገን ይፈረምበት።